ኩታራ ስንት ዓመቱ ነው?

በፓዌ መንደር ቁጥር አለው፤ ልጅ የለውም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ያፈናቀለው የወሎና የሸዋ ሕዝብ፣ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከከምባታና ከሐዲያ ከመጣው ጋር ተደባልቆ በበለስ ሸለቆ ሲሰፍር፣ አስፋሪው መንግሥት ለየመንደሩ ስም የሚያወጣበት ጊዜ አልነበረውም። መንደር 7፣ መንደር 14፣ መንደር 23 እያለ ቆጥሮ አለፈ። ሕዝቡም ቁጥሩን ለመደው፤ ኋላም ወደደው። ዛሬ «አገርህ የት ነው?» የተባለ የፓዌ ልጅ «24» ብሎ ሲመልስ፣ እንግዳው ሰው ዕድሜውን የነገረው ይመስለዋል። በቁጥር ይህን ያህል የተካነ ሕዝብ እናቱ ቀሚስ ሥር ተሸጉጦ ጣቱን ስለሚጠባው ፍጡር ዕድሜ ሲጠየቅ ግን «እንዲያው ኩታራ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ኩታራ ስንት ነው? ከስንት ይጀምራል? ስንት ላይ ያበቃል? የሚመለከተው አካል እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም፤ የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነም አልተገለጸም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

ለመረጃ መሰብሰቢያነት ያገለገለው መሣሪያ ጀበና ነው። የፓዌ ቆላ ሙቀት በቀትር ማንንም ከማንጎ ጥላ ሥር ስለማያስነቅል፣ መረጃ ሰጪ ፍለጋ መዞር አላስፈለገም። የቡናው ሦስት ዙሮች ግን እኩል ተአማኒነት የላቸውም። በአቦል የሚሰጥ መረጃ በይሉኝታ የታሸ ነው፤ የሁሉም ልጅ «እግዜር ያሳድገው» ተብሎ ይታለፋል። በቶና እውነቱ ብቅ ማለት ይጀምራል። በበረካ የጎረቤት ልጅ ስለሚነሳ፣ የበረካው መረጃ ለመንደሩ ሰላም ሲባል ከጥናቱ ወጥቷል።

ከቀላሉ እንነሳ። ጨቅላ ላይ አገር ተስማምቷል። አንገቱ ያልጠና፣ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ፣ በነጠላ ከተጠቀለለ በኋላ ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ የሚፈለግ ሰው ጨቅላ ነው። ክርክሩ ማብቂያው ላይ ነው። በሕክምናው ዓለም ጨቅላነት በ28ኛው ቀን ያከትማል፤ በዚህ የፓዌ ሆስፒታልም ሆነ ጄኔቫ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት አይደራደሩም። ቤተ ክርስቲያን የራሷ ቀጠሮ አላት፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ሒሳቡ ሲሠራ፣ አንድ የመንደር 14 ወንድ ልጅ ሕክምናው ካሰናበተው በኋላ ቤተ ክርስቲያን እስክትቀበለው ድረስ ለ12 ቀናት የማንም ሳይሆን ይቆያል። ሴቷ ለ52 ቀናት። በነዚህ 52 ቀናት ምን ተብላ እንደምትጠራ ሲጠየቅ በአብዛኛው የተገኘው መልስ «እቺ» የሚል ነው።

አጥሩን ተሻግሮ ያለው፣ ከወሎ የመጣው ሙስሊም ጎረቤት ደግሞ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ አርዶ፣ ጸጉር አስላጭቶ፣ ስም አውጥቶ ጨርሷል። የእሱ ልጅ ገና ሦስት ሳምንት የጨቅላነት ዘመን እየቀረው ሙሉ ስም አለው። ስለዚህ ሁለቱ እናቶች ወንፊት ሊዋዋሱ ሲገናኙ፣ በአንደኛዋ ጀርባ ስም ያለው ጸጉር የሌለው፣ በሌላኛዋ ጀርባ ጸጉር ያለው ስም የሌለው ይታያል። ሁለቱም ይተኛሉ። ልዩነቱ እንዳላስጨነቃቸው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስም እስኪወጣ ድረስ መደቡ ክፍት እንዳይሆን ሕዝቡ ሁለት ጊዜያዊ ሹመቶች አዘጋጅቷል፤ ማሙሽና ሚሚ። ጊዜያዊ ሹመት ግን በአገራችን የታወቀ ጠባይ አለው፤ የተሾመ አይወርድም። ሽበት የወረረው ማሙሽ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር፣ ሦስት ልጅ የዳረች ሚሚ የምትባል ባለ ሱቅ የሌለችበት ከተማ ካለ አጥኚው ሊያየው ይፈልጋል። ማሙሽ መታወቂያው ላይ የተጻፈለትን ስም የሚያውቁት ትራፊክ ፖሊሶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም በክፉ ቀን ነው የሚጠሩት።

ሕፃን የሚለው ከጨቅላ ቀጥሎ የሚገኝ እርከን ነው ተብሎ ይታመናል። ችግሩ ገና ከፊደሉ ይጀምራል። የቃሉ መነሻ በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ ሊጻፍ ይችላል፤ መካከሉ በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት ነው። የግዕዝ መምህራን ከስድስቱ ትክክለኛው «ሕፃን» ብቻ እንደሆነ ደጋግመው ተናግረዋል። የታፔላ ጸሐፊዎች በበኩላቸው ለስድስቱም እኩል ዕድል ሰጥተዋል። በዚህም የተነሳ አንድ ልጅ በክትባት ክፍሉ በር በፀሐዩ ገብቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ሲደርስ በጸሎቱ ይቀበሉታል። ልጁ በዚህ መካከል ያደገው ሃምሳ ሜትር ነው።

ከፊደሉ የባሰው ሕጉ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ደንግጓል፤ ስምና ዜግነት ማግኘት፣ ወላጆችን ማወቅ፣ የእነሱን እንክብካቤ ማግኘት። ኢትዮጵያ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. የ1989ኙ ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ ሕፃን ማለት በመርሕ ደረጃ 18 ዓመት ያልሞላው ነው ይላል። ስለዚህ አሥራ ሰባት ዓመቱ የሆነ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ከንፈሩ ላይ ጢም ያቆጠቆጠ፣ ትናንት ሲያርም የዋለው ሰሊጥ ወገቡን ያልለቀቀው የፓዌ ጎረምሳ በሕግ ፊት ሕፃን ነው። በእናቱ ፊት «ጅብ የሚያህል ሰውዬ» ነው። ሁለቱ ሥልጣን ያላቸው አካላት ሲጋጩ የማን ቃል እንደሚጸና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ትርጉም እንዲሰጥበት እስካሁን አልተጠየቀም። ይኸው ጎረምሳ ሰሊጡን ያረመው ለባለሀብት ተቀጥሮ ከሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 እስከ 18 ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ስለሚል፣ ጠዋት ከቤት ጅብ ሆኖ ወጥቶ፣ ቀን ወጣት ሆኖ ሠርቶ፣ ማታ ሕፃን ሆኖ ይመለሳል።

የወንጀል ሕጉ ሌላ መስመር አስምሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ደግሞ ለብቻው ይታያል። ይህ አንቀጽ በፓዌ በማንጎ ዛፎች ሥር በሰፊው የታወቀ ይመስላል። የአሥራ አንድና የአሥራ ሁለት ዓመት ባለሙያዎች ከታች ቆመው አቅጣጫ ይሰጣሉ፤ ዛፉ ላይ የሚወጣው ሁልጊዜ የስምንት ዓመቱ ነው። ባለ ማንጎው ዱላውን ይዞ ሲደርስ ከቦታው የሚገኘውም እሱ ብቻ ነው፤ ከሕጉ አንጻር ግን አልተገኘም። ሕግ አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ሲባል እንሰማለን። እነዚህ ልጆች ግን በማወቃቸው ነው የዳኑት።

ጤና ኬላው በቃል አይታለልም፤ መለኪያ ይዞ ነው የሚመጣው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ በየቀበሌው ያለችው ኤክስቴንሽን ልጅን በሳምንት ትቆጥረዋለች፤ ክትባቱ በ6፣ በ10፣ በ14ኛው ሳምንት፣ ኩፍኙ በ9ኛውና በ15ኛው ወር። እናትየው «መስከረም ላይ ነው የወለድኩት፣ ዝናቡ ሳይቆም» ስትል ኤክስቴንሽኗ ካርዱን አገላብጣ «14 ሳምንቱ አልፏል» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ የክንድ መለኪያው ይወጣል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለበት ጥብጣብ ነው። ክንዱ 12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከ11 ነጥብ 5 ካነሰ ቀይ። ጥብጣቡ የሚሠራው ከ6 እስከ 59 ወር ላለው ልጅ ነው።

59 በሚለው ቁጥር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በጉዳዩ ላይ እስካሁን በበቂ ሁኔታ አልተቆየም። ቁጥሩ የተወለደው ዓመቱ 12 ወር በሆነበት አገር ነው። እዚያ 59 ወር ማለት አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ነው። ዓመቱ 13 ወር በሆነበት አገር፣ ጳጉሜንን አክብሮ ለሚቆጥር ወላጅ ግን 59 ወር አራት ዓመት ከሰባት ወር ብቻ ነው። አራት ወር ጎደለ ማለት ነው። አንድ የፓዌ ልጅ ጄኔቫ ቢወለድ ኖሮ አራት ወር ተጨማሪ ሕፃን ሆኖ ይቆይ ነበር። እነዚህ አራት ወራት የት እንደገቡ የተጠየቁ አንዲት እማማ፣ ጀበናውን ከእሳቱ ዘወር አድርገው፣ «ጳጉሜን ደግሞ መቼ ወር ሆና ታውቃለች? ደሞዝ ይከፈልባታል?» አሉ። ክርክሩ በዚህ ተዘግቷል።

ትምህርት ቤቱ የተለየ መሣሪያ ነበረው፤ ዕድሜው ለመመዝገቢያ መድረስ አለመድረሱ የሚጣራው በጆሮ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ተመዘገበ፤ ካልነካ ለከርሞ። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው ሕዝበ አዳም በአመዛኙ ጆሮው ሰነዱ ነው። በመለኪያው ሳይንሳዊነት ላይ ጥርጣሬ የሚያነሱ አሉ። አጥኚው ከነሱ ጋር አይስማማም። መንግሥት ስለ ልጅ ማወቅ የፈለገውን ሁሉ ከአንድ ክንድ ማግኘቱ፣ ጤናው ውፍረቱን፣ ትምህርቱ ርዝመቱን መውሰዱ፣ በአገራችን ብዙም ያልታየ የመሥሪያ ቤቶች ቅንጅት ነው። አጭር ክንድና ሰፊ ጆሮ ያላቸው ቤተሰቦች እንዴት እንደተስተናገዱ ለብቻው ቢጠና መልካም ነው።

ክንድም ጆሮም ባልነበረበት ዕድሜው በታሪክ ይቆጠራል። በፓዌ «ደርግ ሲወድቅ ዳዴ ይል ነበር»፣ «የጣሊያኖቹ ሥራ ሲቆም ጡት ጥሏል» ይባላል። ጣሊያኖቹ የሚባሉት በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስን ፕሮጀክት የሠሩት የሳሊኒ ኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ መሬት መንጥረው፣ መንገድ ጠርገው፣ ሆስፒታል ገንብተው፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ ነገሩ በዚያው ቆመ። ይኸው ኩባንያ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው መተከል ዞን ውስጥ፣ ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ ሲሠራ፣ የሳሊኒን ግሬደር በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ያየ ሰው በጉባ የሳሊኒ ተቀጣሪ ሆኖ ነበር ቢባል የሚያስደንቅ አይሆንም። ዕድሜህ ስንት ነው ቢባል በሳሊኒ አቆጣጠር ሁለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያየናቸው መለኪያዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ልጁን ነው የሚለኩት። በጀበናው ዙሪያ የተገኘው ማስረጃ ግን ጨቅላ፣ ሕፃን፣ ትንሽ ልጅ፣ ትልቅ ልጅ የሚባሉት ቃላት ስለ ልጁ የሚነግሩን እምብዛም እንደሌለ ያሳያል። የሚነግሩን ተናጋሪው በዚያች ሰዓት ምን እንዳማረው ነው።

የስድስት ዓመት ልጅን እንውሰድ። ጠዋት ከቧንቧ ውኃ መቅዳት ሲያስፈልግ «አንተ እኮ ትልቅ ልጅ ነህ» ይባላል፤ ጀሪካኑ ባለ አሥር ሊትር ነው። ጀሪካኑን ይዞ ሲመለስ እንግዶች ተቀምጠው ካገኘና አጠገባቸው ዱብ ካለ «ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር አይቀመጥም» ተብሎ ይነሣል። ዶሮ ሲቀርብ «ሕፃን ነው፣ ክንፏ ትበቃዋለች»። የታናሽ እህቱ ዕቃ ሲሰበር «ትልቅ ሰው ሆነህ እንዲህ ታደርጋለህ?»። ማታ ተረት ንገሩኝ ሲል «ልጅ በጊዜ ይተኛል»። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ አድጎ ሦስት ጊዜ ተወልዷል። ክንዱ ግን ጠዋትም ማታም አንድ ነው።

ከሁሉም የከፋው ዕድገት በታናሽ መወለድ የሚመጣው ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ሰው ሌሊቱን ሕፃን ሆኖ አድሮ፣ ሲነጋ ከጓዳ የማያውቀው ለቅሶ ሲሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ትልቅ ነህ» ይባላል። ፈተና አልተፈተነም፣ ማስታወቂያ አልወጣም፣ ጥቅማ ጥቅምም አልተጨመረለትም፤ እንዲያውም ከጡት ተነሥቷል፣ ጀርባውም ለሌላ ተሰጥቷል። በማንኛውም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሹመት አቤቱታ ያስነሳል። እዚህም ያስነሳል፤ አቤቱታው መሬት ላይ ተንከባሎ ነው የሚቀርበው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ያንን ሥልጣኑን የነጠቀውን አዝሎ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞር ይገኛል። አላፊ አግዳሚው «እነዚህን ሕፃናት ተዉዋቸው፣ ይጫወቱ» ይላል። አንዱ ሥራ ላይ ነው።

ለመላ ምቱ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው ከፓዌ ወደ ግልገል በለስና ወደ ቻግኒ ከሚሄዱት ሚኒባሶች ውስጥ ነው። በትራንስፖርት ሕግ ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የልጅ ዓይነት አለ፤ እቅፍ። እቅፍ ሒሳብ አይከፍልም። ስለዚህ እናት ስትሳፈር የስምንት ዓመት ልጇ እግሩን አጥፎ፣ አንገቱን ሰብሮ ጭኗ ላይ ይሰበሰባል። ረዳቱ ደርሶ ሒሳብ ሲል፣ «ሕፃን ነው እኮ፣ እቅፍ ነው» ትላለች። «ይሄ?» ይላል ረዳቱ፤ «ይሄ እኮ ለሚስት የደረሰ ነው!» ክርክሩ ይጦዛል፤ ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል፤ ከኋላ ወንበር አንድ አባባ «ትንሽ ልጅ ነው፣ ተወው» ይላሉ፤ ከፊት ያለው ነጋዴ «እንደሱ ያለ እኔ ጋ ሱቅ ይጠብቃል» ይላል። በግማሽ ሒሳብ ይስማማሉ። በዚህ ስምምነት መሠረት ልጁ ግማሽ ሰው ነው።

መኪናው ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ትራፊክ ያስቆማል። ትርፍ ይቆጠራል። አሁን ነገሩ ይገለበጣል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ይሄ ማነው?» ሲል ትራፊኩ፣ ረዳቱ ከሁሉም ቀድሞ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ የልጁን ራስ እየደባበሰ «ሕፃን ነው እኮ፣ ጌታዬ፣ እቅፍ ነው» ይላል። ከአምስት ደቂቃ በፊት ሊያጋባው የነበረ ሰው ነው። እናትየው አትቃወምም። ልጁ ግን፣ እስከዚህ ድረስ ፀጥ ብሎ የቆየው፣ ራሱን ከእናቱ ብብት አውጥቶ «ከፍያለሁ!» ይላል።

በዚህች ሰከንድ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ፣ እናትም ረዳትም ነጋዴም፣ በአንድ ድምፅ የሚሉት ቃል ጥናቱ ሲፈልገው የነበረው ነው፤ «አይ ኩታራ!»

ስለዚህ ኩታራ ዕድሜ ሳይሆን ፍርድ ነው። የሚሰጠውም በወቅቱ መነገር የሌለበት እውነት በተነገረ ጊዜ ነው። «አባዬ የለም በል ብሎኛል» ብሎ ለአበዳሪው በር የከፈተ ኩታራ ነው። ቡና ላይ «እትዬ፣ እማዬ እኮ ባለፈው ሆዳም ናት ብላሻለች» ያለች ኩታራ ናት። ከዚህ አንጻር ሲታይ የቀሩት ቃላት ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ሕፃን አያውቅም። ጩጬ ያውቃል፣ የሚሰማው ግን የለም። ኩታራ ያውቃል፣ ይናገራልም። ውርጋጥ ከተቆጡት በኋላ ይደግመዋል። «ነፍስ አወቀ» የሚባለው የተከበረ እርከን የሚጀምረው፣ ያው ልጅ በር ላይ ቆሞ አበዳሪውን ዓይን ዓይኑን እያየ «አባዬ ከተማ ወጥቷል» ያለ ዕለት ነው። ቤተሰቡ በዚያ ምሽት ለምን እንደሚደሰት አሁን ግልጽ ነው።

ኩታራ ፍርድ እንጂ ዕድሜ ካልሆነ ጣሪያ የለውም ማለት ነው፤ የመስኩ መረጃም ይህንኑ ያረጋግጣል። አርባ ዓመት ያረሱ አባባ ማሳቸው ዳር ቆመው፣ ከግብርና የመጣ ባለሁለተኛ ዲግሪ ባለሙያ አኩሪ አተር በመስመር ካልተዘራ ምርቱ እንደሚቀንስ ሲያስረዳቸው በጥሞና ያዳምጣሉ። ባለሙያው ትክክል ነው። ፓዌ የአኩሪ አተር ምርምር የሚካሄድበት አገር ነውና ነገሩ ተፈትኗል። አባባም ትክክል መሆኑን ያውቃሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። ሞተር ሳይክሉ ከዓይን ሲሰወር «ይሄ ኩታራ» ይላሉ። በዓመቱ በመስመር ይዘራሉ።

ከአማርኛ ውጭ ያለውን ሁኔታ መርሳት አይገባም። በመተከል ኦሮምኛ ተናጋሪው ብዙ ነው፤ በኦሮምኛ ልጅ «ሙጫ» ነው። በአማርኛ ሙጫ ከዛፍ የሚወጣው፣ ከእጅ የማይለቀው ነው፤ ዕጣንና ሙጫ በዚህ ዞን ጫካ የሚለቀም ስለሆነ ቃሉ ለፓዌ ሰው እንግዳ አይደለም። ገበያ ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ሲገናኙ፣ አማርኛ ተናጋሪው ስለ ጫካ ምርት የተወራ መስሎት ዋጋ ይጠይቃል። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን የሦስት ዓመት ልጅ ስታስለቅቅ የቆየች እናት ግን ሁለቱን ትርጉሞች መለየት እንደማያስፈልግ ትመሰክራለች።

አሁን ጥናቱ ያላስተካከለው አንድ ዝንፈት ይቀራል። ከላይ የተዘረዘሩት ስሞች ሁሉ ልጅን የሚመለከቱ ናቸው ብለን ተነሥተናል። በተግባር ግን አንገቱን ያልቻለ ጨቅላ በእናቱ ዘንድ «አባቴ»፣ «ጌታዬ»፣ ሴት ከሆነች «እማዬ»፣ «እመቤቴ» ነው የሚባለው። «አባቴ፣ አገሳህ?» ይባላል። በተቃራኒው የአምሳ ዓመት ጎልማሳ በአያቱ እኩያ ፊት «ልጄ» ነው። ቃላቱ ከላይ ወደ ታች ሄደው፣ ከታች ወደ ላይ ተመልሰው፣ መሐል ላይ የሚገኘው ሰው ብቻ ያለ ስም ቀርቷል። እሱም ሥራ ስለሚበዛበት አላስተዋለም።

ልጅ የሚለው ቃል በተለይ ማብቂያ የሌለው መሆኑን የአገሪቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ አገር ገዙ፣ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፣ በ1928 ዓ.ም. ሲያርፉም ልጅ ነበሩ። በጣም የከፋው ዓመት 1966 ነው። በዚያ አብዮታዊ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ሁለት ሰዎች፣ እንዳልካቸው መኰንንና ሚካኤል እምሩ፣ ሁለቱም በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች ነበሩ። ቀደም ብሎም ውጭ ጉዳይን የመሩት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ማዕረጋቸው ብላቴን ጌታ፣ የብላቴኖች ጌታ ማለት ነበር። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ሁሉ ማዕረግ ለልጅ መስጠቱን የታሪክ ምሁራን ቢመለከቱት ደግ ነው፤ የተረቱ መነሻም ምናልባት እዚያው ይሆናል።

በፓዌ ደግሞ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። በ1977 እና በ1978 ታዝለው፣ ታቅፈው፣ በጭነት መኪና ላይ አልቅሰው የመጡት ሕፃናት ዛሬ አርባውን ተሻግረዋል። አርሰዋል፣ ነግደዋል፣ ድረዋል። ያኔ ያዘሏቸው ሰዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ ግን መዝገቡ አልታደሰም። አጥኚው ለዚህ ሥራ የትብብር ደብዳቤ ማኅተም ባስፈለገው ጊዜ፣ አንድ አባባ በምርኩዛቸው ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት እያመለከቱ «ማኅተሙን ልጁ ነው የሚይዘው፣ ልጁን ጠይቀው» አሉ። ቢሮው ውስጥ ልጅ አልነበረም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ደብዳቤውን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ «የጨቅላና የሕፃን ልዩነት» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ ከመሳቢያው ማኅተሙን አወጣ፣ ከመምታቱ በፊት ግን አጥኚውን ቀና ብሎ አየና፣ «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለ።